ሲድኒ ፖይቲየር የነጮች «ጨዋ ልጅ» አልነበረም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ስለ ጥቁሩ የሆሊውድ ተዋናይ ስለ ሲድኒ ፖይቲየር የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ነበር። እኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ሲነበብ ደስ ይላል። ቋንቋው ይፈሳል፤ ቀልድም አያጣም። ችግሩም እሱ ነው። አሳምሮ የተጻፈ ስህተት ቶሎ ይታመናል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሲድኒ ሆሊውድ ከመንገድ ላይ አንስቶ ሰው ያደረገው ዕድለኛ ነበር። ነጭ ተመልካች እንዳይደነግጥ ተብሎ የተሠራ «ጨዋ ጥቁር» ነበር። «በ1963 የመጀመሪያው ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ» የሆነው በይሉኝታ ነው። ጥቁሮች ሲደበደቡ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር። ከ1967 በኋላ ጊዜው አለፈበትና ተረሳ። ያደገባትን ባሃማስንም ዞር ብሎ አላያትም።

አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመሬ በፊት ግን የኔን አቋም ልናገር። ሲድኒ ጨዋ ነበር፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ጨዋነቱን እንደ እሺ ባይነት መቁጠራቸው ላይ ነው የምንለያየው። የሰውየውን ሥራ በቅደም ተከተል ያየ ሰው፣ ከተቀበላቸው ሚናዎች ባልተናነሰ እምቢ ያላቸው ነገሮች ዓይኑን ይስቡታል።

ከመነሻው እንጀምር፤ «ከመንገድ ላይ ተነሳ» ከሚለው። ወላጆቹ ሬጂናልድና ኤቭሊን በባሃማስ ካት አይላንድ በምትባል ደሴት ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ቲማቲማቸውን ሊሸጡ ማያሚ በሄዱበት፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927፣ ሲድኒ ያለ ጊዜው ተወለደ። ሁለት ወር ያህል ቀድሞ። ይተርፋል ያለ አልነበረም። አባቱ የሚቀበርበትን የጫማ ካርቶን ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር። እናቱ ግን ልጄ አይሞትም ብላ ጠንቋይ ቤት ሄደች፤ ጠንቋይዋም ልጁ ይተርፋል አለቻት። እምቢታው ከእናቱ የወረሰው ይመስለኛል።

አሜሪካዊ ዜግነቱ የመጣው በዚያ አጋጣሚ ብቻ ነው። ያደገው ካት አይላንድ ነው። መብራት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ፣ መኪና የለ። በዙሪያው የሚያየው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ነው። ሲድኒ በሕይወት ታሪኩ ላይ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፦ በቆዳ ቀለም መናቅ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ማደጉን። ኋላ አሜሪካ ገብቶ «አንተ እንዲህ ነህ» ሲሉት ያልተቀበላቸው፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሆኖ ስላደገ ነው።

ዕድሜው አሥር ሲደርስ ፍሎሪዳ የባሃማስን ቲማቲም ከገበያዋ አገደች። የቤቱ ኑሮ ተናጋ፤ ቤተሰቡም ኑሮ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማዋ ናሶ ገባ። በ15 ዓመቱ ማያሚ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ተላከ። እዚያ ዕቃ አድራሽ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን ለአንዲት ነጭ ሴት ዕቃ ይዞ በፊት ለፊት በር ሄደ። «በጓሮ ዙር» አለችው። እሷ እዚሁ በሩ ላይ ቆማ እሱ ለምን እንደሚዞር አልገባውም። ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ መንገዱን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የጥቁር ጠል ነጮች ቡድን ሰዎች ወንድሙ ቤት ድረስ ፈልገውት መጡ። ከማያሚ ለመውጣት ከዚያ በላይ ምክንያት አላስፈለገውም።

ኒውዮርክ ሲገባ 16 ዓመቱ ነው። ጣራ ላይ አድሯል፤ ሬስቶራንት ለሬስቶራንት እየዞረ ሳህን አጥቧል። ሥራ ፍለጋ ጋዜጣ ሲያገላብጥ «ተዋንያን ይፈለጋሉ» የሚል ማስታወቂያ ያያል። ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ወደሚገኘው የአሜሪካ ኔግሮ ቴአትር ሄደ። ፍሬድሪክ ኦኒል የሚባለው የቴአትሩ መሥራች ስክሪፕት ሰጥቶ አንብብ አለው። ሲድኒ ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ጊዜ ነው። ቃል በቃል እየተንተባተበ፣ ያውም በደሴት ቅላፄ፣ ማንበብ ጀመረ። ኦኒል መድረኩ ላይ ወጥቶ ስክሪፕቱን ነጠቀው፤ አንገትጌውን ይዞ ወደ በሩ ነዳው። «የሰው ጊዜ ከምታባክን ሂድና ሳህን አጣቢነት ተቀጠር» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ሲድኒ መንገድ ላይ ቆሞ ያሰበውን ኋላ ጽፎታል። ሳህን አጣቢ መሆኔን በምን አወቀ? እኔ አልነገርኩትም። እንግዲህ ሰው ሲያየኝ የሚታየው ይሄ ነው ማለት ነው። ተዋናይ ልሁን ያለው ያኔ ነው። ለጥበብ ካለው ፍቅር የተነሳ አልነበረም፤ ለዚያ ሰውዬ መልስ ለመስጠት ነው።

ርካሽ ሬዲዮ ገዛ። ማታ ማታ ዜና አንባቢዎችን እየሰማ፣ ያሉትን በአነጋገራቸው ይደግማል። በቅላፄው ምክንያት ስልክ የተዘጋበት የአሜሪካ ሐበሻ ይሄ ሁለቴ አይነገረውም። ማንበቡን ደግሞ ኩዊንስ ውስጥ ሳህን በሚያጥብበት ሬስቶራንት አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስተናጋጅ አስተማረው። ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ያልገባውን ቃል ሽማግሌው ያስረዳዋል፤ ነጥብና ሰረዝ ምን እንደሚሠሩ ሳይቀር ያሳየዋል። በየማታው፣ ለሳምንታት። ሲድኒ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ሊያመሰግነው ፈልጎ አላገኘውም፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲቆጭበት ኖሯል።

ከዚያ ወደ ቴአትሩ ተመለሰ። ሲያመነቱበት ያለ ክፍያ ጽዳት ልሥራላችሁ፣ እናንተ ትምህርቱን ስጡኝ አላቸው። መጥረጊያውን ይዞ ገባ። ብሮድዌይ ላይ በትንሽ ሚና ብቅ ያለው በ1946፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ፊልሙን የሠራው በ1950 ነው። እስከዚያ ድረስ ሆሊውድ የት ነበር? ያነሱት ሰዎች ካሉ የሬስቶራንት አስተናጋጅና ሃርለም ውስጥ በባዶ ኪስ ቴአትር የሚሠሩ ጥቁሮች ናቸው።

የኦስካሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ ሃቲ ማክዳንኤል ናት። በ1940 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም በረዳት ተዋናይነት አሸንፋለች፤ ያውም ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር ስለማያስገባ ከባልደረቦቿ ተነጥላ ዳር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነው። ሲድኒ በዋና ተዋናይነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። ሽልማቱን የተቀበለውም ኤፕሪል 13 ቀን 1964 ነው። 1963 ፊልሙ የወጣበት ዓመት ነው።

«በይሉኝታ» ለተባለው ደግሞ ፊልሙ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ማየት ነው። «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» ሩብ ሚሊዮን ዶላር እንኳ ያልሞላ ባጀት የነበረው፣ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ ትንሽ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ራልፍ ኔልሰን ቤቱን አስይዞ ነው ገንዘብ ያገኘው። ሲድኒም ደመወዙን ቀንሶ ከትርፉ ድርሻ ይሰጠኝ ብሎ ገባበት። ከሱ ጋር የተወዳደሩት አልበርት ፊኒ፣ ሪቻርድ ሃሪስ፣ ሬክስ ሃሪሰንና ፖል ኒውማን ናቸው። ከነዚህ መሐል በይሉኝታ የሚሸነፍ ማነው? እውነቱን ለመናገር ለኔ የሲድኒ ትልቁ ትወና ይሄ አይደለም። «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» ላይ፣ የአባቱን የኢንሹራንስ ገንዘብ በሰው ተበልቶ ቤተሰቡ ፊት የሚፈርሰው ዋልተር ሊ ይበልጥብኛል። ግን ኦስካር ምርጡን ሥራ የሸለመበትን ዓመት ቁጠሩ ቢባል ሁላችንም እንቸገራለን። ከሱ በኋላ በዋና ተዋናይነት ሌላ ጥቁር ወንድ እስኪያሸንፍ 38 ዓመት ፈጅቷል፤ ዴንዘል ዋሽንግተን በ2002። ይሄ የይሉኝታ ቤት አይመስልም።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። «ጨዋ፣ የማይቆጣ፣ ነጭ የሚያስደስት»።

ክሱ አዲስ አይደለም። በሴፕቴምበር 1967 ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር የቴአትር ጸሐፊ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ፣ ነጭ አሜሪካ ሲድኒን ለምን እንዲህ ወደደችው ብሎ ጽፏል። ሲድኒን ክፉኛ ያቆሰለ ጽሑፍ ነበር። የኛም ጸሐፊ ክርክራቸውን ከዚያ እንደቀዱ ያስታውቃል። ልዩነቱ ግን ሜሰን የጻፈው በ1967፣ በጦፈ ክርክር መሐል ቆሞ ነው። እኛ ከዚያ በኋላ የሆነውንም፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላየውንም ማየት እንችላለን።

ማንም ያላየው የምለው ለምሳሌ የ75 ዶላሩን ነገር ነው። ጊዜው 1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሲድኒ አግብቶ ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ ነው። ገንዘብ የለም። ማርቲን ባውም የሚባል ኤጀንት ለአንድ ፊልም ጠራው፤ ክፍያው በሳምንት 750 ዶላር። ለዚያ ዘመን፣ ለሱ ኪስ፣ ብዙ ብር ነው። ስክሪፕቱን ወስዶ አነበበ። ሚናው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ሰውየው ያየውን ወንጀል እንዳይመሰክር ወንበዴዎች ትንሽ ልጁን ገድለው ግቢው ውስጥ ይጥሉበታል። አባትየው ምንም አያደርግም። ዝም ይላል።

ሲድኒ ተመልሶ አልሠራውም አለ። ባውም ግራ ገባው። ሚናው ጥቁርን የሚሰድብ አይደለም፤ መጥፎ ቃል የለበትም፤ ታዲያ ለምን? ሲድኒ ለዚያን ጊዜ ምክንያቱን እንኳ አልነገረውም። ኋላ ላይ ነው የተናገረው። አባቱን ሬጂናልድን አሰበ። ያ የቲማቲም ገበሬ ልጁ ተገድላ ዝም ይላል? አይልም። ስለዚህ እንደዚያ ዓይነት አባት ሆኜ አልጫወትም። ከባውም ቢሮ ወጥቶ የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረ። የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍያ ያን ያህል ነበር። በሳምንት 750 እምቢ ብሎ 75 ተበደረ ማለት ነው። ከወራት በኋላ ባውም ራሱ ፈልጎ ጠራው፤ እንዲህ ዓይነት እብድ ደንበኛዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ ብሎ ተዋዋለው። ለአሥርት ዓመታት አብረው ሠሩ።

ነጭን ለማስደሰት የቆመ ሰው ይሄን ያደርጋል? ያን ጊዜ የሚያየው ካሜራ አልነበረም፤ የሚያጨበጭብለትም የለ።

በ1955 የወጣውን «ብላክቦርድ ጀንግል» ሊሠራ ሲል የስቱዲዮው ጠበቃ የታማኝነት ቃል ፈርም አለው። ዘመኑ ኮሚዩኒስት የሚታደንበት ነው። ከተጠረጠሩት መሐል ዘፋኙ ፖል ሮብሰንና ተዋናዩ ካናዳ ሊ አሉበት። ሲድኒ ሁለቱንም ያከብራል። ከካናዳ ሊ ጋር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ፊልም ሠርተዋል። በአፓርታይድ ሕግ ምክንያት ሁለቱ ተዋንያን አገሩ የገቡት በዳይሬክተሩ በዞልታን ኮርዳ ስም የተመዘገቡ የጉልበት ሠራተኞች ተብለው ነበር። ያን አብሮ ያየን ሰው ካድ ሲሉት አልፈርምም አለ። ሚናውን ያጣል ተብሎ ሲጠበቅ አላጣውም።

ጥፊውን ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» በ1967 ወጣ። ሲድኒ ቨርጂል ቲብስ የሚባል የፊላደልፊያ መርማሪ ነው፤ ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለ ሰው ጉዳይ ይመረምራል። የከተማዋ ትልቅ ሰው የሆነ የጥጥ ባለሀብት አበባ ቤቱ ውስጥ ኦርኪድ እየተንከባከበ ይቀበለዋል። ሲድኒ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ጥያቄው እሱን እንደተጠራጠረ ሲያሳብቅ ባለሀብቱ በጥፊ ይለዋል። ሲድኒ ሰከንድ አልቆየም። ጥፊውን በጥፊ መለሰ። ከጀርባ የቆመው ጥቁር አሽከር ሳህን ይዞ ደርቆ ቀረ። ባለሀብቱ ወደ ፖሊስ አዛዡ ዞሮ ምን ታደርጋለህ ሲለው፣ አዛዡ የሚመልሰው አጥቶ አላውቅም አለ። በአሜሪካ ትልልቅ ፊልሞች ላይ ጥቁር ሰው ነጭን እንዲህ መልሶ ሲመታ ማየት ያልተለመደ ነበር። ሲኒማ ቤት ውስጥ ጥቁሩ ሲያጨበጭብ ነጩ ትንፋሹን ዋጠ።

ሐሳቡ የማን ነበር የሚለው ላይ ወሬው ሁለት ነው። ሲድኒ መልሼ ካልመታሁ አልሠራም፣ በየትኛውም ኮፒ ላይ እንዳይቆረጥም ቃል ግቡልኝ ብዬ ነበር ይላል። ዳይሬክተሩ ኖርማን ጁይሰን ደግሞ ከመጀመሪያውም ስክሪፕቱ ላይ ነበር ባይ ነው። ለኛ ክርክር ሁለቱም ያው ነው። እጁን ያነሳው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ፤ መካድ አልፈልግም። በ1959 የወጣውን «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ሲድኒ ሳይወደው ነው የሠራው። ኤጀንት ያለ ፈቃዱ ቃል ገብታበት፣ እምቢ ካልክ «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» ይቀርብሃል ተባለ። ያን ጊዜ እጁ ተጠምዝዞ ተሸንፏል። «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» ላይም ሌላ ጣጣ አለ። በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ጥቁርና ነጭ እስረኞች ያመልጣሉ። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ነጩን ላለመተው ከሚሄደው ባቡር ይዘላል። ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን እንደጻፈው የመሐል ከተማ ነጮች በዚህ ደስ ሲላቸው፣ ሃርለም ያለው ተመልካች «ተመለስና ባቡሩ ላይ ውጣ፣ አንተ ሞኝ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ባየሁት ቁጥር የምጮኸው ከሃርለሞቹ ጋር ነው። ይሁንና በዚሁ ፊልም ለዋና ተዋናይ ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆኗል።

«ጌስ ሁስ ከሚንግ ቱ ዲነር» ላይ ነጭ ልጅ ሊያገባ ወላጆቿ ቤት የሚመጣው ዶክተር ፕሬንቲስም እንከን የለሽ ነው፤ የሚያሰለች ዓይነት። ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ለምን እንደዚያ ተጻፈ? ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር ያሰበው ግልጽ ነው። ሰውየው የተማረ፣ ዝነኛ፣ መልካም ከሆነ የልጅቷ ወላጆች ከቀለሙ ሌላ ሰበብ አይኖራቸውም። ደግሞም የዘመኑን ሕግ አንርሳ። ቀረጻው በ1967 ጸደይ ሲካሄድ ጥቁርና ነጭ መጋባት በ16 ግዛቶች ወንጀል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ የሻረው ጁን 12 ቀን ነው፤ ያኔ ካሜራው ሥራውን ጨርሶ ነበር። ዛሬ ለስላሳ የሚመስለን ፊልም ሲቀረጽ፣ ታሪኩ በነዚያ ግዛቶች እስር ቤት የሚያስገባ ነበር።

«ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር» የሚለው ላይ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል።

በ1963ቱ የዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ ላይ ነበር። ይሄን ፎቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልለፈው። የሚያስገርመው የሚቀጥለው ዓመት ነው። ኦገስት 1964፣ ኦስካሩን ከወሰደ አራት ወር ሆኖታል። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ የሚያስመዘግቡ ሦስት ወጣቶች ታፍነው ተገድለው፣ ሬሳቸው ገና መገኘቱ ነው። ግሪንዉድ የሚገኙት የተማሪዎቹ ንቅናቄ አስተባባሪዎች ገንዘብ አልቆባቸው ድረሱልን አሉ። ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ገንዘቡን ሰበሰበ፤ 70 ሺህ ዶላር። በባንክ መላክ አይታሰብም፤ የሚሲሲፒ ባንክ ለጥቁር ታጋይ ያን ያህል ብር ቆጥሮ አይሰጥም። በሐኪም ቦርሳ ውስጥ ታጨቀ። ቤላፎንቴ ለብቻው መሄዱን ፈራ። ደውሎ የጠራው ሲድኒን ነው። ነገሩ ደግሞ ሁለት ታዋቂ ሰው ከገደሉ ጫጫታው ይበዛባቸዋል የሚል ስሌት አለበት። ጥሩ ግብዣ አይደለም። ሲድኒ ሄደ።

በትንሽ አውሮፕላን ማታ ደረሱ። የንቅናቄው ልጆች በመኪና ሊቀበሏቸው መጥተዋል። ሜዳው ዳር ጨለማው ውስጥ የሌላ መኪና መብራት ቦግ አለ። ፖሊስ ነው ሲሉ ክላን ነው ተባሉ። መንገድ ሲጀምሩ ፒክአፑ ከኋላ እየተጠጋ መኪናቸውን ይገጫል። ሹፌሩ ከፍጥነት ገደቡ አላለፈም፤ ካለፈ ፖሊስ አስቁሞ ለክላኖቹ ይሰጣቸዋል። ግጭቱን እየተቀበለ ቀስ ብሎ ነዳ። ከከተማው ሌሎች የንቅናቄው መኪናዎች መጥተው እስኪከቧቸው ድረስ። አዳራሹ ውስጥ ሕዝቡ በዘፈን ተቀበላቸው። ቤላፎንቴ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ያን ሌሊት ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፤ ውጭ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ቆሟል። እንቅልፍ ወሰዳቸው ለማለት ይከብዳል።

ይሄ ነገር ሲድኒን አልለቀቀውም። «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ሚሲሲፒ ውስጥ የሚሆን ታሪክ ሆኖ የተቀረጸው ግን ሰሜን፣ ኢሊኖይ ግዛት ስፓርታ በምትባል ከተማ ነው። ሲድኒ ደቡብ ሄጄ አልሠራም ስላለ። ለጥጥ ማሳው ትዕይንት ብቻ ለጥቂት ቀን ቴኔሲ ወረደ፤ ሆቴል ውስጥ ትራሱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ ነው የተኛው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሲገደልም የኦስካሩ ምሽት በቀብሩ ዋዜማ ነበር የተያዘው። ሲድኒ፣ ሉዊስ አርምስትሮንግ፣ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርና ሌሎችም በዚያ ቀን ከሆነ አንመጣም አሉ። ፕሮግራሙ ወደ ኤፕሪል 10 ተገፋ። በዚያ ምሽት የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው ይሄው የጥፊው ፊልም ነው። ሮድ ስታይገር በዋና ተዋናይነት አሸነፈ። ሲድኒ አልታጨም። ጸሐፊው ስለ ይሉኝታ መጻፍ ከፈለጉ ይችን ምሽት ቢመረምሩ ይሻል ነበር።

«ከ1967 በኋላ ተረሳ»? በ1968 የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ድምፅ ሰጥተው፣ ተመልካች በመሳብ አንደኛው ተዋናይ ያሉት እሱን ነው። በ1969 ከፖል ኒውማንና ከባርብራ ስትራይሳንድ ጋር ሆኖ ተዋንያን የራሳቸውን ፊልም የሚያዙበት ኩባንያ አቋቋመ። በ1972 «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር» በሚባለው የካውቦይ ፊልም ዳይሬክተሩ ሲሰናበት ወንበሩን ራሱ ያዘ። ካሜራውን ከያዘ በኋላ ፊልሙ ምን መሰለ? ከባርነት ወጥተው ወደ ምዕራብ የሚሰደዱ ጥቁሮች ፈረስ ላይ ናቸው፤ መሣሪያ ይዘዋል፤ ይተኩሳሉ። ጨዋው ልጅ ሲፈታ ይሄን ነው የሠራው።

ከዚያ ኮሜዲ ውስጥ ገባ፤ ጥቁር ተመልካች ቅዳሜ ማታ ከነቤተሰቡ ሄዶ የሚስቅባቸው ፊልሞች። በ1980 ሪቻርድ ፕራየርንና ጂን ዋይልደርን ይዞ ያዘጋጀው «ስተር ክሬዚ» አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በጥቁር ዳይሬክተር የተሠራ ፊልም እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። በ1990 ያዘጋጀውን «ጎስት ዳድ»ን ግን እንድከላከልለት አትጠይቁኝ።

ጸሐፊው ይሄን ያላስተዋሉት፣ ሰውየው ከካሜራ ፊት ስለጠፋ ጭራሽ የጠፋ መስሏቸው ነው። አሥር ዓመት ገደማ በትወና አልታየም። ከካሜራው ኋላ ነበር።

በመጨረሻ ባሃማስ። በ1950 የወጣው «ኖ ዌይ አውት» ላይ ሲድኒ ነጭ ዘረኛ በሽተኛን የሚያክም ወጣት ሐኪም ነው። ባሃማስ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ገዢዎቹ ፊልሙ እንዳይታይ ከለከሉ። የናሶ ጥቁሮች የገዛ ልጃችንን እንዳናይ? ብለው ተቃወሙ፤ እገዳውም ተነሳ። ያ ተቃውሞ ከደሴቶቹ ፖለቲካዊ መነቃቃት ቀዳሚ ምዕራፎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሲድኒ ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡ ፊልም ላይ ያየው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ነበር፤ በዩኔስኮም አገሪቱን ወክሏል። ናሶንና ፓራዳይዝ አይላንድን የሚያገናኘው ድልድይ በ2012 በስሙ ተሰይሟል። ጃንዩዋሪ 6 ቀን 2022 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ፣ በባሃማስ ባንዲራ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ያዘዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።

ጽሑፉ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ የኦስካሩ ዓመት፣ የሃቲ ማክዳንኤል ነገርና የግሪንዉዱ ጉዞ ይግቡበት። በ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ላይ የተባለው ግን እንዳለ ይቀመጥ።